ስልኩን ሳጋድመው የቆጠርኩት ሁሉ ዜሮ ይሆናል፤ ማስተማሪያው ስለዚህ ምንም አይልም

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር የአንድሮይድ ትምህርት እየተከተልኩ፣ በኮትሊን ቋንቋና ስክሪኑን ለመሥራት በሚያገለግለው በጄትፓክ ኮምፖዝ አንዲት ትንሽ መቁጠሪያ ሠርቻለሁ። መሀል ላይ ትልቅ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ «ጨምር»፣ «ቀንስ» እና «ከዜሮ ጀምር» የሚሉ ሦስት አዝራሮች ተደርድረዋል። የአዳራሽ በር ላይ ቆሜ የሚገባውን ሰው ልቆጥርባት ነው የምፈልጋት።

ማስተማሪያው ያዘዘውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጽሜአለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ምስልና የእኔ ስክሪን ምንም ልዩነት የላቸውም። ይሁን እንጂ ስልኩን ወደ ጎን ሳጋድመው ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። መልሼ ሳቀናውም የቀድሞው ቁጥር አይመጣም። የስህተት መልእክት የለም፤ አፑም አይዘጋም። ቁጥሩን የያዘው መስመር እንደታዘዝኩት ነው፦ ሪመምበር፣ በውስጡ ሙቴብል ስቴት ኦፍ፣ መነሻው 0።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ይብስብኛል። ማስተማሪያውን ዘግቼ ባዶ ፕሮጀክት ስከፍት የመጀመሪያውን መስመር እንኳን ከየት እንደማመጣው አላውቅም። ይህ ሁሉንም ጀማሪ የሚያጋጥም ነገር ነው ወይስ የእኔ ብቻ ጣጣ ነው?

ነጠላ_ሰረዝ

ሰላም እህቴ። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው። ሪመምበር ያልሽውን ሪመምበር ሴቨብል በሚለው ተኪው፣ ኢምፖርቱን ጨምሪና አፑን እንደገና አሂጂው። ቁጥሩ ይቆያል።

ይህን ብቻ ይዘሽ ግን አትሂጂ። ስልኩ ሲጋደም አንድሮይድ ያለውን ስክሪን አዙሮ የሚያሳይ ይመስላል፤ የሚያደርገው ሌላ ነው። አክቲቪቲ የሚባለውን፣ አፕሽ የተቀመጠበትን መስኮት፣ አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ለአግድም ስክሪን ሌላ አቀማመጥ፣ ሌላ ምስል፣ ሌላ ልክ አዘጋጅተሽ ሊሆን ስለሚችል ሲስተሙ ሁሉንም ከሥሩ መጫን ይመርጣል። የድሮው መስኮት ኦን ዲስትሮይ ይጠራበታል፤ ከዚያ አዲሱ በኦን ክሪኤት ይጀምራል።

ሪመምበር የሚጠብቅሽ ከዚህ ያነሰ ነገር ላይ ነው። አዝራር በተጫንሽ ቁጥር ኮምፖዝ ፈንክሽንሽን እንደገና ይጠራዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከ0 እንዳይጀምር ሪመምበር ይዞት ይቆያል። መስኮቱ ራሱ ሲፈርስ ግን እሱም አብሮ ይፈርሳል። ሪመምበር ሴቨብል ደግሞ ከመፍረሱ በፊት ዋጋውን በንድል ወደሚባል ማስቀመጫ አሳልፎ ይሰጣል፤ በንድሉን ሲስተሙ ያቆየዋል፤ አዲሱ መስኮት ሲከፈት ከዚያ ያነባል።

በዓይንሽ ለማየት በኦን ክሪኤትና በኦን ዲስትሮይ ውስጥ አንድ አንድ የሎግ መስመር ጻፊ። የአፑ መልእክቶች የሚታዩበትን ሎግካትን ክፈቺና ስልኩን አጋድሚው። ሁለቱ መስመሮች ተከታትለው ሲወጡ ካየሽ በኋላ ይህ ነገር ከአእምሮሽ አይጠፋም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ከእኔ የሚሻሉ አሉ።

ሦስተኛ_ዓመት

ይህ ሁሉ ሐተታ ለአንዲት መቁጠሪያ? የአፑ መግለጫ በሆነው በማኒፌስት ፋይሉ ላይ ስክሪን ኦሪየንቴሽንን ፖርትሬት (ቁም ብቻ) አድርጊውና ጨርሺ። ስልኩ ቢጋደምም አፑ አይዞርም፤ ቁጥሩም አይጠፋም። እኔ በሁሉም ፕሮጀክቶቼ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው።

አሮጌው_ቁልፍ

ወንድሜ፣ ችግሩን ጋረድከው እንጂ አልፈታኸውም። አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክር። አፕህን ፖርትሬት ላይ ቆልፈህ እስከ ሃያ ቁጠር። ከዚያ ከላይ ያለውን ፈጣን ማስተካከያ ወደ ታች ሳብና ጨለማ ገጽታን አብራ። ወደ አፕህ ስትመለስ ዜሮ ታገኛለህ። የስልኩን ቋንቋ ስትቀይር፣ የጽሑፉን መጠን ስታሳድግ፣ ስክሪኑን ለሁለት አፕ ስትከፍለውም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ለሲስተሙ የኮንፊግሬሽን ለውጥ ናቸው፤ መጋደም ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ መቆለፊያው ራሱ እየላላ ነው። በ2025 ከወጣው አንድሮይድ 16 ጀምሮ፣ አዲሱን ስሪት ዒላማ ያደረገ አፕ ታብሌትን በመሳሰሉ ሰፊ ስክሪኖች ላይ «ፖርትሬት ብቻ» ቢል ሲስተሙ በነባሪነት ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። ለጨዋታዎች ካልሆነ በቀር መቆለፍን እንደ መፍትሔ አትቁጠረው።

ጀማሪዋ ማስተማሪያውን ስለወቀሰችው ደግሞ ልከላከልለት። ጉግል ለጀማሪዎች በነጻ ያወጣውን «አንድሮይድ ቤዚክስ ዊዝ ኮምፖዝ» የተባለውን ትምህርት እዩት። ዳይስ ሮለር የምትባለው፣ አዝራር ሲነካ ዳይስ (ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ኩብ) የምትጥለው አፕ ያለችው በሁለተኛው ክፍል ነው። ስለ አክቲቪቲ የሕይወት ዑደትና ስለ ሪመምበር ሴቨብል የሚነገረው ግን በአራተኛው ክፍል፣ ዴዘርት ክሊከር በምትባል ሌላ አፕ ላይ ነው። በዚያ መሀል ተማሪው ስልኩን ቢያጋድም የሚነግረው የለም። አዘጋጆቹ ረስተውት አይመስለኝም። በመጀመሪያው ቀን አክቲቪቲ፣ በንድልና ኮንፊግሬሽን ተብሎ ቢነገረው ጀማሪው አዝራሩን ሳያይ ይሸሻል። ማስተማሪያ የሚጽፍ ሰው ዋና ሥራው ምን ማለት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን ሳይል እንደሚያልፍ መወሰን ነው።

የምጠላው ሌላ ዓይነቱን ነው። መጨረሻ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አፕ ሠርተዋል» ብሎ የተዘለለው ነገር መኖሩን እንኳን ሳይጠቁም የሚዘጋውን። «ስልኩን ቢያጋድሙ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እናያለን» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ይህ ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም ነበር።

ዳርት_ወዳጅ

ፍላተር በሚባለው ሌላ የአፕ መሥሪያ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ስልኩን እንደፈለግሽ አጋድሚው፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ጊዜሽን አታባክኚ፣ ወደዚያ ተሻገሪ።

ነጠላ_ሰረዝ

ለዳርት_ወዳጅ፦ ያልከው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ፍላተር አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጥርልህ ማኒፌስቱ ላይ «እነዚህን ለውጦች እኔ ራሴ እይዛቸዋለሁ፣ አክቲቪቲውን አታፍርስ» የሚል መስመር አስቀድሞ ጽፎልሃል፤ ኮንፊግ ቼንጅስ የሚለውን ፈልገው፣ እዚያው ታገኘዋለህ። ሲስተሙ ማህደረ ትውስታ (ራም) ሲያጥረው ከጀርባ ያለ አፕህን ሙሉ በሙሉ ከገደለው ግን ፍላተርም ቁጥርህን አያድነውም፤ እዚያም ለይተህ ማስቀመጥ አለብህ። እዚህ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው።

ጀማሪዋ አሁን መሣሪያ እንድትቀይር አልመክራትም። የጀመረችው እጇ ላይ ነው።

መምህርት

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ይህን ጥያቄ በየጊዜው የምሰማው ነው፤ የአንቺ ብቻ አይደለም።

ደረጃ በደረጃ የሚያስኬድ ትምህርት ውሳኔውን ሁሉ አንቺን ወክሎ ወስኖልሻል። ቁጥሩ በየትኛው ተለዋዋጭ ይያዝ? ፈንክሽኑ የት ይቁም? አዝራሮቹ በረድፍ ይሁኑ ወይስ በዓምድ? እነዚህን የጠየቀሽ የለም። ባዶ ፕሮጀክት ስትከፍቺ ደግሞ ሁሉም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይመጡብሻል። ኮዱን መጻፍ ተለማምደሻል፤ መወሰን ግን አልተለማመድሽም። ስለዚህ ከተከተልሽው ትምህርት በቀጥታ ወደ ባዶ ገጽ አትዝለዪ። በመሀል ያለውን መንገድ ሂጂበት፤ በሠራሻት አፕ ላይ ትንሽ የውሳኔ ጥያቄ አንሺ።

ከአንቺው መቁጠሪያ ልነሳ። «ቀንስ» የሚለውን ደጋግመሽ ስትጫኚ ከዜሮ በታች ይወርዳል አይደል? በር ላይ ለሚቆም ሰው «ሲቀነስ ሦስት ሰው» ምን ማለት ነው? ይህን አስተካክዪ። አንዲት «ኢፍ» ትበቃሻለች፤ ነገር ግን የት እንደምትገባ የሚነግርሽ የለም። አዝራሩ ቁጥሩን ከመቀነሱ በፊት ያረጋግጥ ወይስ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን አዝራሩ ራሱ ይደብዝዝና አይነካ? ሁለቱም ይሠራሉ። ለተጠቃሚው የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ኮምፖዝ ውስጥ ያሉ አዝራሮች ኢኔብልድ የሚባል ግቤት አላቸው፤ «ቁጥሩ ከዜሮ ይበልጣል» የሚለውን ሁኔታ ለእሱ ስጪው።

ከዚያ ወደ ከባዱ እለፊ። አዳራሹ ሁለት በር ቢኖረውስ? ሁለት መቁጠሪያ በአንድ ስክሪን ላይ፣ ከሥራቸው ድምር። መጀመሪያ የምታስቢው ኮዱን ገልብጦ ከሥር መለጠፍ ይሆናል። አድርጊው፣ አልከለክልሽም። ሲሠራ ወይም ሳይሠራ ተመልሰሽ ንገሪን።

የቪዲዮ_ተመልካች

ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። እኔ የምከተለው የ2016 ቪዲዮ ነው፤ አስተማሪው እጅግ ግልጽ ነው፣ ነገር ግን የሚጽፈውን ስጽፍ ግማሹ ቀይ ይሆንብኛል። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

አሮጌው_ቁልፍ

ተወው፤ አስተማሪውን ስለጠላሁት አይደለም። ኮምፖዝ 1.0 የወጣው በሐምሌ ወር 2021 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ትምህርት ስክሪኑን በኤክስኤምኤል ፋይል ነው የሚሠራው፤ እሱ ዛሬም ይሠራል፣ ማወቁም አይጎዳም። ቀይ የሚያደርጉብህ ሌሎች ናቸው። ፕሮጀክቱን በሚገነባው በግሬድል ፋይሉ ላይ «ኮምፓይል» ብሎ ላይብረሪ ከጨመረ ያ ቃል በግሬድል 7 ተወግዷል፤ ዛሬ «ኢምፕሊሜንቴሽን» ነው። ሰፖርት ላይብረሪ ካለ ከ2018 ወዲህ በአንድሮይድ ኤክስ ተተክቷል። ጄሴንተር ከሚባለው ማከማቻ የሚያወርድ ከሆነም ያ ማከማቻ ጊዜው አልፎበታል። ከጀርባ የሚሠራ ነገርን በኤሲንክ ታስክ የሚያስተምር ካገኘህ ደግሞ እሱ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ አትጠቀሙበት ተብሏል።

ልምድ ያለው ሰው ከእነዚህ አንዱን ሲያይ አዲሱን አምጥቶ ይተካና ይቀጥላል። ጀማሪ ግን ስህተቱ የእሱ ይሁን የዘመኑ መለየት አይችልም፤ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ያ አስተማሪ ስለ ተለዋዋጭ፣ ስለ ሉፕ፣ ስለ ክላስ የተናገረው ግን አላረጀም። ለእነዚያ ተመልከተው፣ ለፕሮጀክቱ አዲስ ፈልግ።

ሌሊት_ሠራተኛ

የእኔ ኮምፒውተር ኤሙሌተሩን (ስልክ መስሎ የሚሠራውን ፕሮግራም) ስከፍት ይንቀጠቀጣል። ለዚህ መፍትሔ ያለው ሰው አለ?

ነጠላ_ሰረዝ

ኤሙሌተሩን እርሳው። ኮዱን የምትጽፍበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻውን 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ኤሙሌተር ሲጨመር ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስልክህን በገመድ ሰካው። የስልኩ ማስተካከያ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ሥር የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ስትነካው የገንቢዎች አማራጭ ይከፈታል፤ እዚያ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብራ። በእውነተኛ ስልክ ላይ መሞከር ለማንኛውም ይሻላል፤ ጣት የሚነካውና መዳፊት የሚነካው አንድ አይደለም።

ጀማሪዋ

ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ምስጋና፤ ሪመምበር ሴቨብል ሠርቷል፣ ሎጉንም አይቼዋለሁ። ስልኩን ባጋደምኩ ቁጥር ዲስትሮይ፣ ክሪኤት፣ ዲስትሮይ፣ ክሪኤት ይላል። ከዚህ በፊት ከጀርባ ይህ ሁሉ እንደሚሆን ፈጽሞ አልጠረጠርኩም።

«ቀንስ» ደግሞ አሁን ዜሮ ላይ ይደበዝዛል።

ሁለቱ በሮች ላይ ግን ተጣብቄአለሁ። ገልብጬ ለጠፍኩ፤ ስክሪኑ ላይ ሁለት መቁጠሪያ መጣ፤ የግራውን ስጫን የቀኙም አብሮ ይጨምራል። ሁለቱም የሚያነቡት ከላይ ያለውን አንዱን ቁጥር ስለሆነ ነው ብዬ ገምቻለሁ። ሁለተኛ ተለዋዋጭ ልጨምር? ሦስት በር ቢሆን ሦስተኛ፣ አሥር ቢሆን አሥረኛ?

ሌላም አለ። አፑን ከቅርብ ጊዜ ዝርዝር ውስጥ ጠርጌ ሳወጣውና እንደገና ስከፍተው ዜሮ ነው። ሪመምበር ሴቨብል እያለም።

መምህርት

ግምትሽ ልክ ነው፤ «አሥር ቢሆን አሥረኛ?» ብለሽ መጠየቅሽ ደግሞ ከመልሱ በላይ ደስ አሰኝቶኛል።

ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው፣ የተገለበጠውን ኮድ ሁለቱንም አጥፊና «መቁጠሪያ» የምትባል አንድ ኮምፖዘብል (የስክሪን ክፍል የሚሠራ) ፈንክሽን ጻፊ። ቁጥሩም፣ አዝራሮቹም በእሷ ውስጥ ይሁኑ። ከዚያ ዋናው ስክሪን ላይ ሁለት ጊዜ ጥሪያት። ኮምፖዝ እያንዳንዱን ጥሪ ለየብቻ ያውቀዋልና ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይይዛል። የግራው ሲነካ የቀኙ ዝም ይላል።

አሁን ድምሩን ለመጻፍ ሞክሪ። አይቻልሽም። ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው በየመቁጠሪያቸው ውስጥ ተዘግተዋል፤ ውጭ ያለው ስክሪን አያያቸውም። ሁለተኛው ደረጃ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ከመቁጠሪያዋ አውጥተሽ ወደ ላይ፣ ወደ ዋናው ስክሪን ውሰጂው። መቁጠሪያዋ ከእንግዲህ ምንም የራሷ ነገር አይኖራትም። የሚታየውን ቁጥር በግቤት ትቀበላለች፤ አዝራሯ ሲነካም «ተነክቻለሁ» ብላ ወደ ላይ ታሳውቃለች እንጂ ራሷ አትጨምርም። ጭማሪውን የሚያደርገው ዋናው ስክሪን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች የያዘው እሱ ስለሆነ ድምሩም አንድ መስመር ይሆንለታል። የበሮቹ ቁጥር ሲበዛ ደግሞ ተለዋዋጭ መደርደርሽን ትተሽ በዝርዝር ትይዣቸዋለሽ።

ይህ አሠራር ስቴት ሆይስቲንግ ይባላል። በማስተማሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ደንብ ይቀርባል፤ «ስቴትን ወደ ላይ አንሱ»። ለምን እንደሚነሳ ግን ድምሩ እምቢ ሲልሽ ካየሽ በኋላ ነው የሚገባሽ። ገልብጠሽ እንድትለጥፊ የተውኩሽም ለዚህ ነበር።

አሮጌው_ቁልፍ

ስለ መጥረጉ እኔ ልመልስ። አራት ዓይነት ዕድሜ እንዳለ አስቢው። ሪመምበር መስኮቱ እስኪፈርስ ይቆያል። ቪውሞዴል የሚባል አለ፤ እሱ መስኮቱ ፈርሶ ሲሠራ ይተርፋል፣ ሲስተሙ አፑን ከማህደረ ትውስታ ላይ ሲያስወግደው ግን አይተርፍም። ሪመምበር ሴቨብል ሲስተሙ ሲያስወግደውም ይተርፋል፤ ነገር ግን አንቺ ራስሽ ጠርገሽ ስታወጪው «ባለቤቱ ጨርሷል» ተብሎ ይጣላል። ከዚያ በላይ እንዲቆይ ከፈለግሽ ፋይል ላይ መጻፍ አለበት።

ለአንዲት ቁጥር ትናንሽ ዋጋዎችን ፋይል ላይ የሚጽፈው ሼርድ ፕሪፈረንስስ ይበቃል። የአንድሮይድ ሰነዶች በምትኩ ዳታ ስቶርን ይመክራሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ግን ዳታ ስቶር ኮሩቲንና ፍሎው የሚባሉ ሌሎች የኮትሊን ትምህርቶችን ይዞ ይመጣል፤ አሁን እነሱን ብትጀምሪ መቁጠሪያሽን ትረሺዋለሽ። በፑት ኢንት ጻፊ፣ በጌት ኢንት አንብቢ። ከፑት ኢንት በኋላ አፕላይ የሚለውን ካልጠራሽ ምንም አይቀመጥም፤ ኮምፓይለሩ በስህተት አያስቆምሽም፣ ስለዚህ ልብ በዪ። ሩም የሚባለውን ዳታቤዝ እያንዳንዱን የመግቢያ ሰዓት መመዝገብ ስትፈልጊ ትመጪበታለሽ።

ለሙከራ ደግሞ የገንቢዎች አማራጭ ውስጥ «አክቲቪቲዎችን አታቆይ» የሚል አለ። አብሪውና ከአፕሽ ወጥተሽ ተመለሺ። ከወጣሽ ወዲያው መስኮቱን ያፈርሰዋል። ስትጨርሺ ማጥፋት አትርሺ፤ የስልኩን ሁሉንም አፕ ያሰቃያል።

ሦስተኛ_ዓመት

አሮጌው ቁልፍ፣ ያሉኝን ሞከርኩት። ጨለማ ገጽታን ሳበራ እውነትም ዜሮ ሆነ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህን ሁሉ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብንሰጠው ጽፎልን አያርፍም? ለምን እንለፋለን?

አሮጌው_ቁልፍ

ይጽፍልሃል፤ ብዙ ጊዜም ደህና አድርጎ። ጀማሪዋ ግን «የቁጥር መቁጠሪያ ሥራልኝ» ብትለው ኖሮ ሪመምበር ሴቨብልን ከመጀመሪያው ጽፎ ይሰጣት ይሆናል፤ እሷም የዲስትሮይና የክሪኤትን መፈራረቅ ሳታይ ታልፍ ነበር። ሁለተኛው አፕ ላይ ሌላ ነገር ሲጠፋባት ምን ብላ ትጠይቀዋለች? የጻፍከውን ለጥፈህለት «ይህ መስመር ባይኖር ምን ይሆናል?» ብለህ ጠይቀው፤ ከዚያ መስመሩን አጥፍተህ የነገረህ እውነት መሆኑን ስልኩ ላይ እይ። ለእኔ የሚጠቅመኝ እንዲህ ሲሆን ነው።

የቪዲዮ_ተመልካች

ኮትሊንን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ኮድ የሌለበት አፕ ኢንቬንተር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይጠቅማል?

መምህርት

ይጠቅማል። በ2010 ከጉግል ነው የወጣው፤ በኋላ ወደ ኤምአይቲ ተዛወረ። በድረ ገጽ ላይ ብሎኮችን እየገጣጠሙ ይሠሩበታል፤ ስልኩ ላይ ወዲያው ይታያል። ለልጆች ብቻ ነው የሚሉትን አትስማቸው። ሁነት፣ ሁኔታ፣ ተለዋዋጭ የሚባሉት ሁሉ እዚያም አሉ፤ ዋጋ ለማስቀመጥ ታይኒ ዲቢ የሚባል አካል አለው። ሰሚኮለንና ቅንፍ ሳያታግሉህ አስተሳሰቡን ትይዛለህ። ስክሪኑ ሲበዛና ብሎኩ ግድግዳ ሲያክል ግን ማንበብ ያታክታል፤ ያን ጊዜ ወደ ኮድ ትሻገራለህ።

ጀማሪዋ

ሁለቱም በሮች አሁን ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ ድምሩም ይታያል። ጠርጌ አውጥቼ ስመለስ ቁጥሩ አለ። መምህርት፣ ድምሩን ከመሞከሬ በፊት «ስቴትን ወደ ላይ አንሱ» የሚለውን አንብቤው ነበር፤ አልፌው ሄጄ ነበር።

አሁን አንድ መጻፊያ ሳጥን ጨምሬአለሁ፤ ቆጠራው ከሌላ ሰው ሲረከቡ መነሻውን ለመጻፍ። 120 ስጽፍበት ይሠራል። ሳጥኑን ባዶ ትቼ «ጀምር» ስል አፑ ይዘጋል። ሎግካት ላይ የወጣው ብዙ ነው፣ አብዛኛው የእኔ አይመስልም።

ነጠላ_ሰረዝ

ብዙው የአንቺ አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ፈልጊ፤ «ኮዝድ ባይ» ወይም «ፌታል ኤክሴፕሽን» ከሚለው አጠገብ ያለውን የስህተት ስም፣ ከሱ በታች ደግሞ የአንቺን ፓኬጅ ስም የያዘውን የመጀመሪያ መስመር። ቅንፍ ውስጥ የፋይልሽ ስምና የመስመር ቁጥር አለ፤ ስትነኪው ወደ ቦታው ይወስድሻል። ምን ይላል?

ጀማሪዋ

ናምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን ይላል። መስመሩን ስነካው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በቱ ኢንት ወደ ቁጥር የምቀይርበት ቦታ ላይ ወሰደኝ። ባዶ ጽሑፍ ቁጥር መሆን ስለማይችል ነው፣ አይደል? ቱ ኢንት ኦር ነል የሚባል አይቼ በሱ ተካሁት፤ ቁጥር ካልሆነ ነል («ምንም የለም» ማለት ነው) ይመልሳል፤ ለነል ደግሞ 0 እንዲወስድ አደረግሁ። አሁን አይዘጋም። በፊደል ብጽፍበትም አይዘጋም።

ነጠላ_ሰረዝ

አዎ፣ እሱ ነው። ነገር ግን ባዶ ሲሆን በ0 መጀመሩ ለተጠቃሚው ልክ ነው ወይ? የነበረውን 120 በድንገት ሊያጠፋበት ይችላል። ነል ሲሆን የድሮውን ቁጥር ሳትነኪ ሳጥኑን ቀይ ማድረግ ይሻል ይሆናል። የቁልፍ ሰሌዳውንም ቁጥር ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ትችያለሽ፤ ያም ሆኖ ማረጋገጫው ይቆይ፤ ሰው ገልብጦ መለጠፍ ይችላልና።

ጀማሪዋ

ልክ ነህ፤ እቀይረዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። ሁለቱ በሮች የተራራቁ ናቸው፤ በእያንዳንዱ በር ላይ የተለያየ ሰው፣ የተለያየ ስልክ ይዞ ነው የሚቆመው። ሁለቱ ስልኮች አንድ ድምር እንዲያሳዩ ይቻላል?

ነጠላ_ሰረዝ

ይቻላል፤ ግን ከዚህ በኋላ ቁጥሩ በስልክሽ ውስጥ አይኖርም። በመሀል ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ለጀማሪ የሚቀለው የፋየርቤዝ ፋየርስቶር የሚባለው የጉግል የኢንተርኔት ዳታቤዝ ይመስለኛል። ለዚህ አዲስ ክር ክፈቺ፣ ረጅም ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዢ። ድምሩ 40 ላይ ሳለ ሁለታችሁም በአንድ ቅጽበት ተጫናችሁ እንበል። ሁለቱም ስልክ 40ን አንብቦ «41 ጻፍ» ብሎ ቢልክ፣ ሁለት ሰው ገብቶ ድምሩ 41 ይሆናል። ስለዚህ ለሰርቨሩ አዲሱን ቁጥር አትላኪ፤ «አንድ ጨምር» የሚል ትእዛዝ ላኪ። ፋየርስቶር ለዚህ ኢንክሪመንት የሚባል አለው።